ምርቃት ከፋብሪካ

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ባለ 450 ሜጋኸርትዙን ፔንቲየም 2 ፕሮሰሰር በ669 ዶላር፣ ሴለሮን 300ኤ የተባለውን ደግሞ በ149 ዶላር በአንድ ጊዜ ገበያ ላይ አዋለ። አንደኛው ለባለጸጋ፣ ሌላው ኪሱ ለሳሳ መሆኑ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ኪሳቸው የሳሳው ጉድ አፈሉ፤ አንድ ቅንብር ብቻ ቀይረው የ149 ዶላሩን ዕቃ በ450 ሜጋኸርትዝ ያስሮጡት ጀመር። በጌም ላይ ውዱን ፔንቲየም እግር በእግር ተከተለው፤ አንዳንዴም ቀደመው።

ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ከጻፈለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ስሙን ቢያወጣለት ኖሮ «ምርቃት» ይለው ነበር። ሽንኩርቱ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ተብላ ነጋዴዋ የምትጨምራት ሁለት ራስ ማለት ነው።

ምርቃቱ የሚገኘው ከአሠራሩ ነው። ቺፖች እንደ እንጀራ ክብ በሆነ ስስ የሲሊከን ዝርግ ላይ በብዛት አንድ ላይ ይሠራሉ። ተቆርጠው ሲፈተኑ አንዱ ከሌላው ይጠነክራል። ፋብሪካው ግን ስም የሚለጥፈው በጥንካሬያቸው ብቻ አይደለም፤ ገበያው ርካሹን በብዛት ከጠየቀ ጠንካራውም የርካሹን ስም ይዞ ይወጣል። በዚያ ላይ ሙቀቱም ኤሌክትሪኩም የማይመች ቤት ውስጥ ለዓመታት እንዲሠራ ታስቦ ትርፍ አቅም ይተውለታል።

የ300ኤ ታሪክ ዕቃ አመራረጥን ከማንኛውም መመሪያ አብልጦ ያስተምራል ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ የማዘርቦርዱ ባስ ፍጥነትና የፕሮሰሰሩ ማባዣ። የ300ኤ ማባዣ 4.5 ላይ ተቆልፏል፤ ባሱ 66 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ሲባዛ 300 ይሆናል። ማባዣው ስለማይነካ የሚቀረው ባሱን ማሳደግ ነው። ባሱ 100 ከተደረገ 450 ይመጣል።

ታዲያ ለምን በቀጥታ 100? ቀስ እያሉ 75፣ ከዚያ 83 እያሉ መውጣት አይሻልም? አይሻልም። ሃርድ ዲስኩና ሌሎቹ ካርዶች የሚጠቀሙበት ፒሲአይ የተባለው መስመር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚሁ ባስ ተካፍሎ ነው፤ ልኩ 33 ነው። ባሱ 100 ሲሆን ለሦስት ይካፈልና 33 ይደርሰዋል። 83 ሲሆን ግን የሚካፈለው ለሁለት ስለነበር ከ41 በላይ ይሆንበታል። ፕሮሰሰሩ ምንም ሳይሆን ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ይበላሻል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ የ149 ዶላሩ ፕሮሰሰር ብቻውን ዋጋ አልነበረውም። 440ቢኤክስ የተባለውን ቺፕሴት የያዘ ማዘርቦርድ ያስፈልገዋል፤ በ100 የሚሠራ ራምም እንዲሁ። ሁለቱም በወቅቱ ርካሽ አልነበሩም። በጣም የተወደደው ማዘርቦርድ የታይዋኑ አቢት ኩባንያ ቢኤች6 ነበር፤ ጃምፐር እያነሱ ከመትከል ይልቅ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቁጥር መምረጥ ብቻ ይበቃል። ይህን መግዛት ያልቻለ ደግሞ ቢ21 የተባለችውን የፕሮሰሰሩን እግር በፕላስተር ቁራጭ ይሸፍናት ነበር፤ ማዘርቦርዱ ባለ 100 ባስ ፕሮሰሰር የተሰካበት ይመስለዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የኤኤምዲን አትሎንና ዱሮን በእርሳስ የሚከፍቱም መጡ፤ ቺፑ ላይ የተቆረጡትን ጥቃቅን መስመሮች በእርሳስ አስምሮ ማገናኘት ነው። እርሳስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና።

ከዚያ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፦ ከፕሮሰሰሩ የተረፈውን ገንዘብ ዙሪያው ላሉት ዕቃዎች አውጡት። አብዛኛው ሰው በግልባጩ ያደርጋል። ፕሮሰሰሩን ከአቅሙ በላይ ይገዛና ለፓወር ሰፕላዩ የታክሲ መልስ ይተርፈዋል።

ዛሬ ቁልፉ ጠብቋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ማባዣውን የሚከፍተው በአብዛኛው ስማቸው ላይ «ኬ» ላለባቸው ነው፤ እነሱም «ዜድ» በሚባሉት ውድ ማዘርቦርዶች ላይ ሲሰኩ። ኤኤምዲ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣቸውን ራይዘኖች ሁሉንም ክፍት አድርጎ ሸጠ፤ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ቢ350 ማዘርቦርዶችና በኋላ የመጡት ቢ450ዎችም ይፈቅዳሉ። ኤ320 አይፈቅድም። ዋጋው ስለሚያማልል ግን ሳያነብ የገዛ ብዙ ነው። ለትንሽ በጀት ያገለገለ ራይዘን 5 1600 ከቢ450 ጋር እስካሁን የማያሳፍር ጥምረት ነው። ስድስት ኮር አለው፤ ፋብሪካው 3.2 ጊጋኸርትዝ ቢለውም 3.8 ላይ የሚሠራ ብዙ ነው።

ማዘርቦርድ ስትመርጡ መብራቱንና ቀለሙን እርሱት። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ቦታ ዙሪያውን እዩ፤ ኮረንቲውን መጥነው የሚያቀርቡለት ክፍሎች እዚያ ተደርድረዋል። በላያቸው የብረት ማቀዝቀዣ ከሌለ ፍጥነት የመጨመሩን ነገር እርሱት። ራም ደግሞ ባለ 16 ጊጋ አንድ ከመግዛት ባለ 8 ሁለት ይሻላል፤ ራይዘን ውስጥ ኮሮቹን የሚያገናኘው መስመር ከራሙ ፍጥነት ጋር ስለተያያዘ በራም ላይ የሚወጣ ገንዘብ አይጠፋም።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ልቆጣ። ጎኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» የሚል ይገዛል፤ ሥር ያለችውን ሠንጠረዥ ማንም አያነብም። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ከ12 ቮልት ትይዩ የተጻፈውን አምፒር በ12 አባዙት። 20 አምፒር ካለ 240 ዋት ነው፤ የቀረው ስም ነው። በዚህ መንገድ የተቃጠልኩ እኔ ራሴ ነኝ። ስሙ የማይነበብ፣ ባዶ ቆርቆሮ የሚያህል ቀላል ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ በሦስተኛው ሳምንት ጧ ብሎ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ።

ሙቀቱን ደግሞ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ። ከ3.2 ወደ 3.8 ስንወጣ ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ቢያድግ፣ ፍጥነቱ ከአንድ አምስተኛ ባነሰ ሲጨምር ኃይሉ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ሌላም ነገር አለ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየርም ያንኑ ያህል ያነሰ ነው። ውጭ አገር የተጻፈውን የሙቀት መጠን እዚህ አትጠብቁ። ማቀዝቀዣውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ።

ከመሥሪያ ቤት የወጡ፣ በየሱቁ የተደረደሩት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ዋጋቸው ያጓጓል፤ ባዮሳቸው ግን ፍጥነትን የሚነካ ቅንብር የለውም፤ የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይም በሌላ አይተካም።

ዕቃው ተገጣጥሞ ቁጥሩ ከፍ ሲደረግ፣ አንድ ቀን ስክሪኑ ይጨልማል፤ ፋኖቹ ይሽከረከራሉ፣ ሌላ ምንም የለም። አትደንግጡ። ኮረንቲውን ነቅላችሁ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባዮሱን ለማጽዳት የተተዉትን ሁለት እግሮች በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ማገናኘት ነው። ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ዊንዶውስ መነሳቱን አይቶ «ያዘ!» የሚል ደግሞ ቸኩሏል። ፕራይም 95 የሚባል፣ ዋና ቁጥሮችን እየፈለገ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም አለ፤ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ አንድም ስህተት ካላገኘ ያን ጊዜ ይታመናል።

አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ግን ትርፍ አቅማቸውን ሙቀታቸውን እያዩ በራሳቸው ይጠቀሙበታል፤ ለገዢ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለማቀዝቀዣው የሚጨመረው ብር በአንድ ደረጃ ከፍ ላለው ፕሮሰሰር ከበቃ፣ ያንኑ መግዛት ነው። እኔ ባሮጌው 1600 ላይ ነኝ። 3.9 ላይ ጠዋት ጠዋት ያለ ችግር ይሠራል፤ በመጋቢት ፀሐይ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሲግል ግን ፕራይም 95 ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ ስህተት ይመዘግባል። 3.8 ላይ ትቼው፣ ቁጥሩንና ቮልቴጁን በወረቀት ጽፌ ከኬዙ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ለጥፌዋለሁ።