አሥር ዓመት ያለፋት ካሜራ

ሶኒ «አልፋ 6000» የተባለችውን ካሜራ በ2014 መጀመሪያ ላይ ሲያስተዋውቅ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፎከረው በፍጥነቷ ነበር። በ0.06 ሰከንድ ፎከስ ታደርጋለች፣ በአንድ ሰከንድ 11 ፎቶ ታነሳለች ተባለላት። ዛሬ በዚህ የሚደነቅ የለም። አዳዲሶቹ ካሜራዎች የሰው ዓይን የት እንዳለ ራሳቸው ፈልገው ያገኛሉ፤ ሰውየው ቢሮጥም ይከተሉታል። ሶኒም ከ6300 እስከ 6700 ድረስ ተተኪዎቿን አከታትሎ አውጥቷል። እሷ ግን ያገለገለ ካሜራ በሚሸጥበት ቦታ አሁንም አትጠፋም፤ ስትወጣ ያለ ሌንስ 650 ዶላር የነበረው ዋጋዋም በእጅጉ ወርዷል። ከስልክ ወደ ካሜራ መሻገር ለሚፈልግ፣ ኪሱ ግን ለማይፈቅድለት ሰው ከእሷ የተሻለ መጀመሪያ ብዙ አላውቅም። እሷን የምመክረው ግን ስለረከሰች ብቻ አይደለም። ከእሷ የተረፈው ገንዘብ ሌንስ ላይ እንዲውል ነው።

ለምን ሌንስ? የዚህ መልስ የድሮውን ካሜራ ሆድ ከፍቶ ማየት ይጠይቃል። ኒኮን ኤፍ ከወጣበት ከ1959 ወዲህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የባለሙያ ካሜራ ሲባል በአብዛኛው መስተዋት ያለው ነበር። በሌንሱ የገባው ብርሃን አዘንብሎ በተቀመጠው መስተዋት ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ በፕሪዝም በኩል ዞሮ ዓይን ላይ ይደርሳል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ብሎ መንገድ ይለቃል፤ ብርሃኑም ወደ ፊልሙ፣ በኋላ ዘመን ደግሞ ወደ ሴንሰሩ ያልፋል። መስተዋቱ እንዲነሳና እንዲወርድ ቦታ ስለሚያስፈልገው ሌንሱ ከፊልሙ ራቅ ብሎ መገጠም ነበረበት። ይህ ርቀት በኒኮን 46.5፣ በካነን ኢኤፍ 44 ሚሊ ሜትር ነው።

ፓናሶኒክ በ2008 ጂ1 የምትባለውን ካሜራ ሲያወጣ መስተዋቱን አስወገደው። ሴንሰሩ የሚያየው ምስል በቀጥታ ዓይን በሚጠጋበት መመልከቻ (ቪውፋይንደር) ውስጥ ባለች ትንሽ ስክሪን ላይ ይታይ ጀመር። ሶኒ በ2010 ኤንኢኤክስ-3 እና ኤንኢኤክስ-5ን ይዞ ተከተለ፤ በእነዚህ ካሜራዎች ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። አልፋ 6000 የወረሰችው ይህንኑ መግጠሚያ ነው። ከነባትሪዋና ከነካርዷ 344 ግራም መመዘኗ አንዱ ትሩፋት ነው። ሌላው፣ እኔ የበለጠ የምወደው፣ ለድሮ ሌንሶች የከፈተችው በር ነው፤ እሱን ትንሽ እናቆየው።

መጀመሪያ ዕድሜዋ ምን እንደቀነሰባትና ምን እንዳልቀነሰባት እንይ። ሴንሰሯ 24 ሜጋ ፒክስል ነው። ሶኒ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ያወጣት ዜድቪ-ኢ10ም 24 ሜጋ ፒክስል ናት። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በጥሩ ጥራት ሲታተም 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከበቂ በላይ ነው። በቀን ብርሃን የተነሱ ፎቶዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ከአዲሷ፣ የትኛው ከአሮጌዋ እንደሆነ መለየት ለባለሙያም ቀላል አይደለም።

የሚጎድላት ሌላ ቦታ ነው። 4ኬ ቪዲዮ አትቀርጽም፤ የማይክ መሰኪያ የላትም፤ ስክሪኗ ሲነካ አይታዘዝም፤ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ነገርም በአካሏ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሠርግ በቪዲዮ ለሚቀርጽ ወይም ዩቲዩብ ላይ ለሚሠራ ሰው አትሆንም። ዜድቪ-ኢ10 የተሠራችው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ እዚያ ይሂዱ። አልፋ 6000 የፎቶ ካሜራ ናት።

ከመስተዋት ካሜራ በእጅጉ የምትሻልበት ቦታ ቪውፋይንደሯ ነው፤ ምንም እንኳ ከእሷ ቀድማ በ2012 የወጣችው ኤንኢኤክስ-6 የጠራ ቪውፋይንደር ቢኖራትም። (ሶኒ ዋጋ ለመቀነስ ያደረገው ይመስለኛል፤ እስካሁን ያናድደኛል።) የመስተዋት ካሜራ በዓይን የሚታየውን ዓለም እንዳለ ያሳያል። መስተዋት የሌላት (ሚረርለስ) ካሜራ የምታሳየው ግን ሊነሳ ያለውን ፎቶ ነው፤ ሊጨልም ከሆነ ጨልሞ፣ ሊነጣ ከሆነ ነጥቶ።

ይህ ነገር ሐበሻን ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ትርጉሙ ትልቅ ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ግምቱ በአዘቦት ቀን ብዙም አይሳሳትም፤ በጥምቀት ግን ይፈርሳል። ፍሬሙን ነጭ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ በነጠላው የተከበበው ጠይም ፊትም ይጠፋል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ፎቶውን ሲያይ ከሆነ በዓሉ አልፏል።

በአልፋ 6000 ግን ቁልፉ ሳይጫን ይታያል። ከጀርባዋ ያለችውን ክብ ዊል ከታች በኩል ተጭኖ የብርሃኑን ልክ ወደ ‎+0.7 ወይም ወደ ‎+1 ማዞር ነው፤ ፊቱ ወዲያው ሲፈካ በቪውፋይንደሩ ይታያል። ልኩን ሲያልፍ ደግሞ የቀሚሱ ጥበብና የነጠላው ሽመና ነጭ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። እዚህ ላይ ዜብራ የሚባለውን ከሜኑው ውስጥ ማብራት ይረዳል፤ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በሰረዝ ያሳያል። የኔ ልማድ ሰረዙ ነጠላው ላይ መታየት ሲጀምር አንድ እርከን መለስ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጧፍ የበራበት ፊት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጨለማው ስለሚበዛ ካሜራው ሁሉንም ሊያበራ ይሞክራል፤ ፊቱ ይገረጣል፤ ስለዚህ ወደ ‎-1 መውረድ ይሻላል። እዚያ ቦታ ሌላም ችግር አለ፤ የሸተሯ (ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባው መዝጊያ) ድምፅ አይጠፋም። ድምፅ አልባ ሸተር የመጣው በ6300 ነው። ቅዳሴ ላይ ቀጭ ቀጭ ማድረግ የማይወድ ሰው ይህን ከወዲሁ ይወቀው።

አሁን ወደ ሌንስ። ካሜራዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትሸጠው 16-50 ከሚባለው ትንሽ ዙም ጋር ነው። ሲጠፋ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ቀን ላይ ለጉዞ ይሆናል። ከዚህ በላይ ማመስገን ይከብደኛል። ጥጋጥጉ ብዥ ይላል፤ ዙም የሚደረገው በሞተር ስለሆነም አቧራ ሲገባው ያስቸግራል። ትልቁ ድክመቱ ግን ብርሃን አለመሳቡ ነው። የሌንስ ቀዳዳ ስፋት የሚገለጸው ኤፍ በሚባለው ቁጥር ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ይህ ዙም እስከ 50 ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ሲግማ በ2016 ያወጣው 30 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ እስከ ኤፍ 1.4 ይከፈታል። ልዩነቱ 16 እጥፍ ብርሃን ነው።

16 እጥፍ ምን ማለት እንደሆነ ማታ ቡና ሲፈላ ይታያል። አንድ አምፖል ባለበት ክፍል ውስጥ ዙሙ ሩብ ሰከንድ ሸተር ይፈልጋል እንበል፤ በሩብ ሰከንድ ስኒ የምታነሳ ሴት እጅ ጭስ ይመስላል። ሲግማው ያንኑ ብርሃን የሚሰበስበው በአንድ ስድሳኛ ሰከንድ ነው፤ እጇም፣ ከጀበናው የሚወርደው ቡናም ይጠራሉ። ከኋላ ያለው ቁም ሳጥንና ቴሌቪዥን ደግሞ ደብዝዞ ከፊቷ ላይ ይወርዳል። የካሜራዋ ሴንሰር ከፊልም ፍሬም ስለሚያንስ የሌንሱ የሚሊ ሜትር ቁጥር በ1.5 ይባዛል፤ 30 ሚሊ ሜትሩ እንደ 45 ሆኖ ያሳያል፤ ብዙም የማይሰፋ፣ ብዙም የማይጠብ። ገንዘብ ካጠረ የዚሁ ሌንስ ታላቅ ወንድም፣ ኤፍ 2.8 የሆነው ሲግማ 30፣ ያገለገለው በርካሽ ይገኛል። የሰው ፊት ማንሳት ለሚወድ ደግሞ የሶኒ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አለ፤ ከስሙ ጋር ኦኤስኤስ የሚል ምልክት ያለበት ከሆነ የእጅ መንቀጥቀጥንም ያርማል።

አሁን ወደዚያ በር። ብዙ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሌንሶች ኤም 42 በሚባል ጥርስ የሚጠመዘዙ ናቸው፤ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቀው እንዲቀመጡ ተሠርተዋል። የሶኒው 18 ነው። የቀረውን 27 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሞላው አዳፕተር መስታወት የሌለው ባዶ የብረት ቀለበት ነው፤ ስለዚህም ርካሽ ነው፤ የሌንሱንም ጥራት አይነካም። በዚህ መንገድ ከሚገጠሙት ሁሉ ስመ ጥሩ ሄሊዮስ 44-2 ነው። የጀርመኑን የካርል ዛይስ ቢዮታር ንድፍ ተከትሎ በሶቭየት ኅብረት የተሠራ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 ሌንስ ሲሆን በሚሊዮኖች ከተመረቱት የዜኒት ካሜራዎች ጋር ይሸጥ ነበር። በደርግ ዘመን ሞስኮ ወይም ኪየቭ ተምሮ የተመለሰ አባት ወይም አጎት ያለው ሰው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ዜኒት ካለች ከፊቷ ያለውን ሌንስ ያንብብ። በአልፋ 6000 ላይ 58ቱ 87 ሆኖ ለፊት ፎቶ ልክ ይመጣል። ዳራውን እንደ አዙሪት የሚያሽከረክርበት ዝነኛ ጠባዩ ግን ጥጉ ላይ ያለ ስለሆነ በዚህች ሴንሰር ላይ በከፊል ተቆርጦ ይቀራል፤ ለእሱ ብሎ የሚገዛ ሰው ቅር ሊለው ይችላል።

አገጣጠሙ ላይ ጀማሪን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ካሜራዋ ከአሮጌ ሌንስ ጋር መነጋገር ስለማትችል ሌንስ የለብኝም ብላ አላነሳም ትላለች። ሜኑው ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅደውን ምርጫ ማብራት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፎከሱም ቀዳዳውም በእጅ ነው። ፎከስ ፒኪንግ ሲበራ የጠራው ጠርዝ በተመረጠው ቀለም፣ ለምሳሌ በቀይ፣ ይደምቃል፤ ምስሉን በቪውፋይንደሩ አጉልቶ ማየትም ይቻላል፤ ሽፋሽፍት ላይ ፎከስ ማድረግ የሚቻለው በዚህ ነው። ሮጦ የሚያመልጥ ሕፃን በዚህ አይያዝም። ዝም ብለው የሚቀመጡልን ታላላቆቻችን ግን ይያዛሉ፤ ቀለበቱን ቀስ ብሎ ማዞሩ ራሱ አነሳሱን ያረጋጋዋል።

ሁሉም አሮጌ ሌንስ ግን አይሆንም። የኒኮን ጂ ሌንሶች የቀዳዳ ቀለበት ስለሌላቸው በተራ አዳፕተር ልኩን ማስተካከል አይቻልም፤ የካነን ኢኤፍ ሌንሶች ደግሞ ኤሌክትሮኒክ የሆነ፣ ዋጋው ከፍ ያለ አዳፕተር ይፈልጋሉ። የጃፓኑ ሱፐር ታኩማር 50 ኤፍ 1.4 መስታወቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቶሪየም የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፤ መስኮት ዳር ለሳምንታት ፀሐይ ሲመታው ቢጫው ይለቀዋል። ሌንስ ፀሐይ ሰብስቦ መጋረጃ ሊያቃጥል እንደሚችል ግን አይረሳ።

ሲገዙ ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዞ በስልክ ባትሪ ከኋላ ማብራት ነው። ድር የሚመስል ክር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ይለፉት። ቀጭን አቧራ ምንም አይደለም። የካሜራዋን ሴንሰር ለማየት ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ነጭ ግድግዳ ማንሳት ይበቃል፤ ነጠብጣብ ከሆነ በአየር ፓምፕ ይነሳል፤ መስመር ከሆነ ግን ጭረት ሊሆን ይችላል። የምትሞላው በማይክሮ ዩኤስቢ ስለሆነ ገመድ ሰክቶ መሙላቷን ማረጋገጥ ግድ ነው። አንድ ባትሪ በአምራቹ መለኪያ 360 ፎቶ ያህል ያነሳል፤ ያረጀው ያንን አይደርስም፤ መለዋወጫ ያስፈልጋል። ከቶኪዮ የምትመጣው ርካሽ ስትሆን ደግሞ ምክንያት አላት፤ ሶኒ ለጃፓን ገበያ ብቻ የሠራቸው ካሜራዎች ሜኑ ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ በማዘመንም አይለወጥም። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚገዛላችሁ ከሆነ እንደ አትላንታው ኬኢኤች ያሉ የዕቃውን ሁኔታ በደረጃ ከፋፍለው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ አካሉ ላይ ጭረት ያለበትን ዝቅተኛ ደረጃ መምረጥ አያሳፍርም።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። በኮምፒውተር ፎቶ ማስተካከል የሚሰለቸው ሰው የፉጂፊልም ኤክስ-ኢ2ን ቀለም ይወደዋል። በ2012 የወጣችው ኦሊምፐስ ኢ-ኤም5 የእጅ መንቀጥቀጥን በአካሏ ታርማለች፤ ካፊያም አያስፈራትም፤ ሴንሰሯ ግን ያንሳል። የሳምሰንግ ኤንኤክስ፣ የኒኮን 1 እና የካነን ኢኤፍ-ኤም ካሜራዎች በርካሽ ሲቀርቡ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ነው፤ ሦስቱም መግጠሚያዎች ተቋርጠዋል፤ ካሜራው ሲሞት ሌንሶቹ የሚሄዱበት አዲስ ቤት የለም። የሶኒው መግጠሚያ ከ2010 ጀምሮ አልተለወጠም። ለአልፋ 6000 የተገዛው ሲግማ ነገ ሰውየው 6700 ቢገዛ ያለ አዳፕተር ይገጠምለታል።