ቴዮፊሎ ስቲቨንሰን በአማተር ቡጢ ሚዛን

ዓለም አቀፉ የቦክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ከኦሊምፒክ ኮሚቴ የነበረውን እውቅና ከተነጠቀ በኋላ አጠራጣሪ ሆኖ የቆየው የቡጢ ስፖርት የኦሊምፒክ ዕጣ፣ በ2025 ስፖርቱ በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ውድድር እንዲካተት ሲወሰን እልባት በማግኘቱ፣ የአማተር ቡጢን ታሪክ እንደገና መመርመር ወቅታዊ ሆኗል። አማተር ቡጢ ተወዳዳሪው ለግጥሚያው ክፍያ ሳይቀበል አገሩን ወክሎ የሚፋለምበት ዘርፍ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ አንድ ግጥሚያ እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ዙሮች ብቻ ነበሩት፤ በፕሮፌሽናሉ ዘርፍ የሻምፒዮንነት ግጥሚያ ግን እስከ 15 ዙር ይዘልቅ ነበር። ሴቶች በ2012 ለንደን ላይ ወደ ኦሊምፒክ ቡጢ መግባታቸውና ወንዶች በ2016 ያለ ራስ መከላከያ መፋለማቸው ከኋለኞቹ ለውጦች ይጠቀሳሉ።

ዘርፉ ካፈራቸው ሁሉ የላቀ ስፍራ የሚገባው ግን ኩባዊው የከባድ ሚዛን ቡጢኛ ቴዮፊሎ ስቲቨንሰን ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ያሸነፈውን አሜሪካዊ ዱዌን ቦቢክን በሦስተኛው ዙር ደጋግሞ ጥሎ ግጥሚያውን አስቋረጠ፤ ለፍጻሜው የደረሰው ሩማኒያዊ በጉዳት ባለመቅረቡም ወርቁን ያለ ፍልሚያ ወሰደ። በ1976 ሞንትሪያል፣ በ1980 ደግሞ ሞስኮ ላይ ድሉን ደገመው፤ በአንድ የክብደት ምድብ ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ቡጢኛም ሆነ። የጥቃቱ ዋና መሣሪያ በግራ እጁ ርቀቱን ለክቶ የሚሰነዝረው ቀጥተኛ የቀኝ ቡጢ ነበር።

ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ከመሐመድ አሊ ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፍ ነበር የሚለው ነው። ኩባ ፕሮፌሽናል ስፖርትን በ1962 አግዳ ስለነበር፣ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ የተነገረለትን ግብዣ መቀበል አገሩን ትቶ መኮብለልን ይጠይቅ ነበር፤ እሱም ከሚሊዮኖች ኩባውያን ፍቅር የሚበልጥ ገንዘብ የለም በሚል መንፈስ ገፋው። ውሳኔውን የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ብቻ አድርጎ የሚያየው ትችት የሰውየውን ፈቃድ ከቁጥር አያስገባም፤ አሊን ያሸንፍ ነበር የሚለው አድናቆትም ለዘጠኝ ደቂቃ የተገራ አካል በ15 ዙር ምን እንደሚገጥመው ይዘነጋል።

የስቲቨንሰን ሚዛን መሆን ያለበት በገዛ ዘርፉ የገጠመው ፈተና ነው፤ ሶቪየታዊው ኢጎር ቪሶትስኪ ሁለት ጊዜ፣ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ዳሚያኒ ደግሞ በ1982 የዓለም ሻምፒዮና አሸንፈውታል። ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት የ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አድማ አራተኛውን ወርቅ የመሞከር ዕድል ቢነፍገውም፣ በ1986 ሬኖ ላይ በ34 ዓመቱ ከ91 ኪሎ ግራም በላይ በሆነው ምድብ ሦስተኛውን የዓለም ሻምፒዮንነቱን አገኘ። ስቲቨንሰን በ2012 ሃቫና ውስጥ በ60 ዓመቱ ያረፈ ሲሆን፣ ኩባ ቡጢኞቿ በፕሮፌሽናል ግጥሚያ እንዲሳተፉ የፈቀደችው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ በ2022 ነው።