የአዞ ሐረግ ሲታመም

በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ ወይራና ኮሶ በቀሩባቸው ገደላገደሎችና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድግ አንድ ሐረግ አለ። አበባው ነጭ ወደ ቅቤ የሚያደላ ነው። አበባው ሲረግፍ እያንዳንዱ ፍሬ ላባ መሰል ጭራ ያወጣና ሐረጉን ከሩቅ ላየው ሰው ባዘቶ የተበተነበት ያስመስለዋል። የአገሬው ሰው የአዞ ሐረግ ይለዋል፤ የእጽዋት ሊቃውንት ደግሞ ክሌማቲስ ሲሜንሲስ። ይህን ስም ያወጣለት ጌኦርግ ፍሬዜኒዩስ የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪምና የእጽዋት ተመራማሪ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ አሳሹ ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን ሰብስቦ የወሰደውን ናሙና አይቶ በ1837 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስተዋወቀው። ቀይ ቀበሮም ካኒስ ሲሜንሲስ በሚለው ሳይንሳዊ ስሟ የዚሁ ተራራ ስም ተጋሪ ናት።

ክሌማቲስ በዓለም ላይ ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ ወገን ነው። አውሮፓውያን አትክልተኞች የሚሳሱለት ግን የሰው እጅ ያዳቀለውን፣ አበባው መዳፍ የሚያህለውን ነው። በእንግሊዝ አገር ወይን ጠጅ አበባ ያለው ጃክማኒ በ1862 እ.ኤ.አ. ካበበ ወዲህ ይህ ፋሽን ሆነ፤ ከፋሽኑ ጋር ግን በሽታም መጣ። ትናንት ለምልሞ የነበረ ቅርንጫፍ በቀናት ውስጥ ጠውልጎ ይጠቁርና ይንጠለጠላል። ደብልዩ ኦ ግሎየር የተባለ ተመራማሪ ጥፋተኛው በግንዱ ውስጥ የሚኖር ሻጋታ መሆኑን ያሳየው በ1915 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት ነው። ታዲያ ሻጋታው በዋናነት የሚያጠቃው ባለ ትልቅ አበባዎቹን ነው፤ አበባቸው ትንንሽ የሆነ የዱር ዝርያዎች ብዙውን ጊዜ ይቋቋሙታል።

ስለዚህ ደባርቅ ወይም ዳባት ግቢው ውስጥ ሐረግ የጠወለገበት ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ የትኛው ክሌማቲስ ነው የሚለው ነው። የአገሩ ከሆነ ሻጋታውን ከመጠርጠሩ በፊት ወሩን ይቁጠር። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች አመዳይ ይወርዳል። የውርጭ ምልክቱ አይደበቅም፤ ለሰማይ የተጋለጡት ለጋ ጫፎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ፣ ከዛፍ ጥላ ወይም ከክዳን ሥር ያሉት ግን ደህና ይሆናሉ። በሽታ እንዲህ ሰልፍ ይዞ አይመጣም። ግንዱ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ተክሉ በሕይወት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ መቀስ ያነሳል፤ እኔ ግን መታገሥን እመክራለሁ። የተቃጠለው ጫፍ ከሥሩ ላለው እምቡጥ መጠለያ ነው፣ ቅዝቃዜው ካለፈ በኋላ በየካቲት ጤነኛው ጥንድ እምቡጥ ድረስ ቢቆረጥ ይበቃል።

በጋው ሲገፋ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ከታች ያሉት ቅጠሎች ቡናማ ሆነው ይደርቃሉ፣ ላይኛው ግን አረንጓዴ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጥማት ነው፤ ያረጀ ቅጠልም እንዲሁ ይደርቃል። የክሌማቲስ ጠባይ ራሱን ፀሐይ ላይ፣ እግሩን ጥላ ውስጥ ማኖር ነው። ሥሩ ላይ ገለባ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢደረግለት አፈሩ አይግልም። ውኃም በየቀኑ ከመርጨት ይልቅ አልፎ አልፎ ጠልቆ እስኪገባ ድረስ ማጠጣት ይሻላል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቅጠሉ ላይ ካረፈ ያ አመዳይ ሻጋታ የሚባለው ነው፤ ሥሩ ደርቆ አየር በማይዘዋወርበት ጥግ ይበረታል፣ ቅርንጫፎቹን ማሳሳት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ከታየም ዋግ ነው። ገበሬው በስንዴው የሚያውቀው የዋግ ወገን በሌላው ዓለም የዕድሜውን አንድ ክፍል በክሌማቲስ ዘመዶች ላይ የሚያሳልፍባቸው ዓይነቶች አሉት፤ እርሻ አጠገብ ያለ ሐረግ ላይ ሲታይ ቅጠሉን ለቅሞ ማቃጠል ነው።

በክረምት ከመሬት የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ቀንድ አውጣ ይበላዋል። ዙሪያውን አመድ መነስነስ ይሠራል ይባላል፤ ይሠራል፣ ዝናብ እስኪመታው ድረስ። ማታ በባትሪ ወጥቶ መልቀሙ የተሻለ ነው።

ሙሉው ተክል በድንገት ከሞተ ግን ከሁሉ በፊት ጎንበስ ብሎ ግርጌውን ማየት ነው። የለጋ ሐረግ ግንድ ቀጭንና ተሰባሪ ነው፤ መኮትኮቻ ነክቶት ወይም ነፋስ ወዝውዞት ተሰንጥቆ ይሆናል። ይህ ከሻጋታው ይልቅ ተራ ነገር ነው፣ ግን ማንም አይጠረጥረውም። ድጋፉንም ማየት ያስፈልጋል። ክሌማቲስ የሚወጣው የቅጠሉን ዘንግ በቀጭን ነገር ላይ በመጠምጠም ስለሆነ ወፍራም የባሕር ዛፍ ምሰሶ አይዝለትም፣ ምሰሶው ላይ ሲባጎ ወይም ሽቦ ሊዘረጋለት ይገባል።

ከውጭ የመጣ ባለ ትልቅ አበባ ያለው ሰውም አይጠፋም። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሲጠወልግና ሌላው ደህና ሲሆን፣ የቅጠሉ ዘንግና የቅጠሉ ደም ሥሮች ጠቁረው ሲታዩ፣ ግንዱ ሲቆረጥ ውስጡ የጠቆረ ከሆነ ሻጋታው ያ ነው። የጠቆረው እስኪያልቅ፣ ካስፈለገም እስከ መሬት ይቆረጣል፤ የተቆረጠውና የረገፈው ቅጠል ይቃጠላል፣ መቀሱም በአልኮል ይጠረጋል። የሚረጭ መድኃኒት ፍለጋ መድከም አያዋጣም። ዋናው መድኃኒት የሚሰጠው በተከላው ቀን ነው፦ ችግኙ በማሰሮው ውስጥ ከነበረበት አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ቢተከል ከአፈር በታች እምቡጥ ስለሚያበቅል ላዩ ቢሞትም ከሥር ያንሰራራል።

የሚቆርጠው ሰው ጓንት ያድርግ። የዚህ ወገን ትኩስ ቅጠል ሲጨፈለቅ ፕሮቶአኔሞኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣል፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። በጥንት አውሮፓ ለማኞች ይህን ቅጠል እያሹ ቁስል በማውጣት የመንገደኛን ርኅራኄ ይሰበስቡበት ነበር። በአገራችንም የአዞ ሐረግ ለቁስልና ለእባጭ በባህል ሕክምና ስሙ ይነሳል፤ ሆኖም ትኩሱን ያለ ዐዋቂ ቆዳ ላይ ማሰር ቁስሉን በቁስል መተካት ሊሆን ይችላል። ሲደርቅ ንጥረ ነገሩ ወደ አኔሞኒን ስለሚለወጥ የማቃጠል ኃይሉ ይበርዳል።

ሐረጉን ለማራባት ከፓርኩ ነቅሎ ማምጣት አይገባም፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ነው። አጥሩ ላይ ሐረጉ ያለው ጎረቤት ከፈቀደ አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ በክረምት መጀመሪያ ጎንበስ አድርጎ፣ አንጓውን በጥቂቱ ፍቆ አፈር ውስጥ መቅበርና ድንጋይ መጫን ነው። እናቱ እየመገበችው ሥር ይሰዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ሲጀምር ተቆርጦ ወደ ራሱ ጉድጓድ ይዛወራል።