ማዘርቦርድ ተቃጠለ ማለት ፎርማት ማለት አይደለም

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከለጋምቦ እስከ ቦረና፣ የክረምት መብረቅና የሚዋዥቅ መብራት የኮምፒውተር ቀንደኛ ጠላቶች ናቸው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ስታቢላይዘር የሌለው ዴስክቶፕ ዝም ይላል። ካሱ ሲከፈት ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ይገኛል። ከዚያ የሚከተለውን ንግግር በቦረናዋ መካነ ሰላም ከተማ ኮምፒውተር ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል። «ማዘርቦርዱ ሄዷል። ሌላ ይገባለትና ፎርማት ይደረጋል። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥሽው ፋይል አለ እንዴ እህቴ?»

መኖሩ አይቀርም። የብዙ ሰው ፋይል ያለው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ «ሲ» ድራይቭ ውስጥ ስለሆነ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። ፋይሉ በፍላሽ ቢተርፍ እንኳ ፕሮግራሙ አይተርፍም። የፒችትሪ ሒሳብ፣ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ለዓመታት በጀት የሠሩበት አይቤክስ፣ የፕሪንተሩ ቅንብር፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይጫናል። የግዕዝ ፎንቶቹም ጉዳይ አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። የአሥር ዓመት ማኅደር እንዲያ ሆኖ ያየ ጸሐፊ መደንገጡ አይፈረድበትም።

ይህ ሁሉ ኪሳራ አብዛኛውን ጊዜ አላስፈላጊ ነው። ዊንዶውስ የሚኖረው ሀርድ ዲስኩ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ቦርዱ ሲቀየር የሚቀየረው የዲስክ መቆጣጠሪያው፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ የድምፅና የስክሪን ክፍሉ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 በአዲስ ቦርድ ላይ ሲነሱ «መሣሪያዎችን በማዘጋጀት ላይ» ብለው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ብዙ ጊዜ በሰላም ይገባሉ። ፎርማት የግድ ነው የሚለው ልማድ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የመጣ ነው፤ ያኔ በርግጥም ምክንያት ነበረው።

ችግር ከተፈጠረ የሚፈጠረው ገና በመነሻው ላይ ነው። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ዲስኩን ማግኘት አልቻልኩም ይላል፤ በኤክስፒና በሰቨን ጊዜ ቁጥሩ 0x0000007B ነበር። ዲስኩ ግን አልተበላሸም። ዊንዶውሱ የለመደው አንድ ዓይነት የዲስክ አሠራር ነው፣ አዲሱ ቦርድ የቀረበለት በሌላ ነው። ስለዚህ ፎርማት ከማድረግ በፊት ወደ ባዮስ መግባት ነው፤ እንደ ቦርዱ ዓይነት በ«ኤፍ 2» ወይም በ«ዴል» ቁልፍ ይገባል። እዚያ «ሳታ ሞድ» የሚል መስመር አለ፣ አማራጮቹም አይዲኢ፣ ኤኤችሲአይ እና ሬይድ ናቸው። ወደ ድሮው መመለስ ብቻውን ብዙ ኮምፒውተር ያስነሳል። የድሮው ምን እንደነበር ካልታወቀ አማራጮቹን በየተራ መሞከር ነው። እንቢ ካለ በሴፍ ሞድ ማስነሳት ሌላው መፍትሔ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሳ ለአዲሱ አሠራር የሚሆነውን ድራይቨር ራሱ ይይዛል።

ሌላው መሰናክል አሮጌ ዲስክ ከአዲስ ቦርድ ጋር ሲገናኝ ይመጣል። በድሮው ባዮስ ሥርዓት፣ በኤምቢአር የተከፋፈለ ዲስክ አዲሱን የዩኢኤፍአይ ሥርዓት ብቻ በሚያውቅ ቦርድ ላይ አይነሳም። ለዚህም መድኃኒት አለው። ማይክሮሶፍት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚሰጠው ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ ዲስኩን ፋይል ሳያጠፋ ወደ አዲሱ አከፋፈል ይለውጣል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ዲስክ የሚመሰጥረው ቢትሎከር ነው። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ መክፈቻው የሚጠበቀው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቲፒኤም በሚባል ቺፕ ነው። ቦርዱ ሲወጣ ቺፑም አብሮ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩም 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሉን የሚመልስ ባለሙያ ደሴም አዲስ አበባም የለም። አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ምስጠራውን ባለቤቱ ሳያውቅ ሊጀምሩ ስለሚችሉ «እኔ ቢትሎከር አልጠቀምም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ፈቃዱስ? ከኮምፒውተሩ ጋር ተገዝቶ የመጣ የዊንዶውስ ፈቃድ የታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ነው። ለብቻው የተገዛ ፈቃድ ግን ከባለቤቱ ጋር ይዛወራል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈቃዱን አስቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ያገናኘ ሰው «በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ» የሚለውን አማራጭ ተጠቅሞ መልሶ ማግበር ይችላል። ለዚህ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡን ለኖረበት ሰው ማስታወስ አያስፈልግም። ያም ሆኖ ገቢር ያልሆነ ዊንዶውስ ፋይል አይቆልፍም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ማሳሰቢያ ይጽፋል፣ የገጽታ ቅንብር ይከለክላል፣ ሥራው ግን ይቀጥላል። ለኢንተርኔቱ ስትሉ ግን የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር ቀድማችሁ በፍላሽ ያዙ። ቋሚ አይፒ አድራሻ የነበረው መሥሪያ ቤትም አድራሻውን በአዲሱ ካርድ ላይ እንደገና ማስገባት ይኖርበታል።

ሊኑክስ በዚህ ረገድ እጅግ የተመቸ ነው። በተነሳ ቁጥር ያለውን ሃርድዌር ስለሚለይ ዲስኩ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ቢዞርም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ስለ ቦርዱ ምርጫ አንድ ነገር ልበል። ከመካነ ሰላም ደሴ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ያህል ተሂዶ የማይገጥም ቦርድ ይዞ መመለስ ያናድዳል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚታዩት ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ የራሳቸው የፓወር ሰፕላይ መሰኪያና የራሳቸው የካስ ልክ አላቸው። የሞዴሉን ቁጥር ከካሱ ላይ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያንኑ ሞዴል ፈልጉ፤ ያገለገለም ቢሆን ይመረጣል። ቦርዱ ተመሳሳይ ከሆነ ከላይ የዘረዘርኩት ችግር አብዛኛው አይነሳም።

የቢሮ ኃላፊዎች ሆይ፣ ኮምፒውተሮቻችሁ ገና በደህናቸው ሳሉ የቢትሎከሩን ቁልፍ አሳትማችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፣ የሳታ ሞዱንም ጻፉት። ቦርድ የተቃጠለ ቀን ደግሞ ቴክኒሺያኑን አስቀድማችሁ «መጀመሪያ ዲስኩን ገልብጥ፣ ቀጥሎ ባለበት አስነሳው፣ ፎርማቱ መጨረሻ ላይ ይታያል» በሉት።