ውሃ የሚያስገባ ቪትዝ፦ ሳይገዛ የሚፈተሽ፣ ሳይበሰብስ የሚጠገን

በአሮጌ መኪና ገበያ ገዢና ሻጭ የሚከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ፣ በካምቢዮው፣ በጎማውና በሞዴሉ ነው። ኮፈን ተከፍቶ ሞተር ይነሳል፤ የማርሚታው ጭስ ይታያል፤ ደላላውም ወደ ዋጋው ይገባል። ሞኬቱን ገልጦ ወለሉን በእጁ የሚዳስስ ገዢ ግን ብዙ አይደለም። ሞተር ቢደክም ይታደሳል፣ ካምቢዮም ይለወጣል። ወለሉ በዝገት የተበላ መኪና ግን ዋጋው ከላሜራው ጋር አብሮ ያልቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ዘንድሮ በዝናብ ማግስት የተሰማ ጥቂት የሻጋታ ሽታ ከጥቂት ክረምት በኋላ የባትላሜራ ሥራ ሆኖ ይመጣል።

ጉዳዩ የባለመኪናውን ኪስ የሚነካበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው ፊቱን ያዞረው ቀድሞ አገር ውስጥ ወደገባው ነው። ቶዮታ ስታርሌት የተባለችውን መኪና መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ቪትዝን ለገበያ ያቀረበው በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች እንግዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ሞተሩ ገና ሊሠራ ይችላል፤ የበሩ ላስቲክ፣ የመብራቱ ጓርኒሲዮንና በላሜራው መጋጠሚያ ላይ ፋብሪካው የቀባው ማሸጊያ ግን ደርቀው ይሰነጠቃሉ።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ሐይቅና የአምባሰሏ ውጫሌ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ጥሩ መፈተኛ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ይበረታል፤ ወሎ የበልግ ዝናብም አለው። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። የአምባሰል ኮረኮንች የመኪናውን አካል ያንገጫግጫል፤ የደረቀውን ማሸጊያም ያላቅቃል። መኪናው የሚያድረው ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ከሆነ ቅጠል በውሃ መውረጃው ውስጥ ይከማቻል። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ በጥር ወር መኪና የሚገዛ የሐይቅ ወይም የውጫሌ ሰው ዝናብ ያልፈተነውን ዕቃ ነው የሚገዛው። ጉድለቱ የሚገለጠው ገንዘቡ ከተከፈለ ከወራት በኋላ ክረምት ሲገባ ይሆናል።

ውሃው የሚታይበትና የሚገባበት ይለያያል

በዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ውሃ በታየበት ቦታ ላይ ማሸጊያ በመለጠፍ ነው። ውሃ ግን በገባበት አይቆምም። በላሜራው የውስጥ ገጽና በኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ እየተንሸራተተ፣ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ጀርባ ተደብቆ እስከ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። በጣሪያው መጋጠሚያ የገባ ውሃ ከኋላ በስኮርት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። በፊት መስታወቱ ሥር ካለው ገንዳ ሞልቶ የገባው ደግሞ በፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ይተኛል።

መኪናው የሚቆምበት ቦታም ያሳስታል። በዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ያደረ መኪና ከፊት የገባውን ውሃ ወደ ኋላ ወንበር ሥር ይልካል። በቁልቁለት ያደረው ደግሞ የኋላውን ወደ ፊት ያመጣል። ስለዚህ ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት መኪናው እንዴት ቆሞ እንደነበር መጠየቅ ይገባል።

እርጥበት ሁሉም ዝናብ አይደለም። ሳይዘንብ ወለሉ የሚረጥብ፣ ውሃው የሚያሙለጨልጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ቀለምም ያለው ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ ችግሩም ዳሽቦርዱ ሥር ካለው የማሞቂያው ራዲያተር ወይም ቱቦ ይመጣል። ኤርኮንዲሽን ሲሠራ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ የዚያው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል። ኋለኛውን መስታወት ለማጠብ ውሃ ሲረጭ ጣሪያው ወይም ኋላው የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ ከፊት እስከ ኋላ በር ድረስ የተዘረጋው ቀጭን ቱቦ ተላቋል ወይም ተሰንጥቋል። ይህ የመጨረሻው የኋላ መጥረጊያ ባላቸው መኪኖች ላይ የሚታይ ነው።

ኋላው የሚከፈት መኪና ደካማ ጎኖች

ሃችባክ የሚባለው፣ የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈተው መኪና ዕቃ ለመጫን ምቹ ነው። ይሁን እንጂ ትልቁ በር ትልቅ ላስቲክ ይፈልጋል። ላስቲኩ ከላይ በኩል ጠፍጥፎ ወይም በማዕዘኑ ተቀዶ ከሆነ ዝናብ ብቻ ሳይሆን አቧራም ያስገባል። መኪናው ሲሄድ ከኋላው አየር የመሳብ ኃይል ስለሚፈጠር የጭስ ማውጫው ጭስም በዚያው ክፍተት ሊገባ ይችላል። ይህ ከዝገት አልፎ የጤና ጉዳይ ነው።

ከላስቲኩ ቀጥሎ የሚታዩት የኋላ መብራቶቹ ጓርኒሲዮን፣ የበሩ ማጠፊያ ቡሎኖች፣ የመጥረጊያው ዘንግ የሚወጣበት ቀዳዳና የጣሪያው አንቴና መሠረት ናቸው። በጣሪያው ግራና ቀኝ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው የፕላስቲክ ጌጥ ሥር ሁለት ላሜራዎች የሚገጣጠሙበት ቦይ አለ። በቦዩ ውስጥ ያለው ማሸጊያ ሲሰነጠቅ ከውጭ ምንም አይታይም። ከኋላው ፓራውልት ጀርባም የጓዳውን አየር የሚያስወጡ ቀዳዳዎች አሉ፤ የእነሱ ላስቲክ ሲበላሽ ከጎማ የሚረጨው ውሃ ይገባል። የዚህ ምልክቱ መኪናው ቆሞ ሲዘንብበት ሳይሆን በረጠበ መንገድ ሲነዳ ብቻ መርጠቡ ነው።

ከፊት ሁለት ቦታዎች ዋና ናቸው። አንደኛው ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ገንዳ ነው፤ ማፍሰሻው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃው ሞልቶ በአየር መግቢያው ወደ ውስጥ ይዞራል። ሁለተኛው የጎን በሮች ናቸው። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ የሚወርድ ውሃ ጉድለት አይደለም፤ ከበሩ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ወይም ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ያለው ፕላስቲክ ሲቀደድ ግን ወደ ወለሉ ይፈስሳል። በርና መስታወት ሲጠገን ይህን ፕላስቲክ ቀዶ መጣል የተለመደ ጥፋት ነው።

ፍተሻው

ለፍተሻ የሚያስፈልገው ውሃ የያዘ ጀሪካን ወይም ቱቦ፣ የእጅ ባትሪ፣ ደረቅ ሶፍትና አንድ ረዳት ነው። በመጀመሪያ የስኮርት ጎማው ይወጣል፣ ሞኬቱ ይገለጣል፣ ሁሉም ይደርቃል። ያልደረቀ መኪና ላይ የተደረገ ፍተሻ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥና በሮች ይዘጋሉ። ውጭ ያለው ሰው ውሃውን በዝግታ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ያፈስሳል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉን አርሶ ስለሚወርድ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም። የመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃም አይሆንም፤ ጤነኛውን ላስቲክ ጭምር አልፎ ይገባና ያሳስታል።

ላስቲኩን ለመፈተሽ ቁራጭ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው። ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ እዚያ ላይ በሩ አልገጠመም። ሌላው ዘዴ የሳሙና አረፋ ነው፦ የውጭ አየር የሚያስገባው ቁልፍ ተከፍቶ ማራገቢያው በሙሉ ኃይል ይሠራል፤ በሮች ይዘጋሉ፤ ከውጭ በኩል በተጠረጠረው ቦታ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አየር የሚወጣበት ቦታ አረፋ ይሠራል። የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹ ግን በባሕርያቸው አየር ስለሚያወጡ በዚህ አይፈረድባቸውም።

ውሃ በማይገኝበት የበጋ ግዢ አቧራው ራሱ ምስክር ነው። የኋላ በሩ ተከፍቶ ላስቲኩና የሚያርፍበት ላሜራ ሲታዩ አቧራው በመስመር ያለፈበት ቦታ ይታወቃል። አቧራ ያሳለፈ ክፍተት ውሃንም ያሳልፋል።

ጥገናው

ከሁሉ የረከሰው ሥራ ማጽዳት ነው። የፊቱ ገንዳ ማፍሰሻና የበሮቹ ግርጌ ቀዳዳዎች በለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦና በውሃ ይከፈታሉ። በሽቦ ኃይል መጎርጎር ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ሊያላቅቀው፣ ቀለሙንም ሊልጠው ይችላል።

የጠፈጠፈ ላስቲክ በአዲስ ወይም ከሌላ ተመሳሳይ መኪና በወጣ ደህና ላስቲክ ይተካል። በሩ ራሱ ከተዛባ ግን መጀመሪያ ማጠፊያውና ቁልፉ ይስተካከላሉ። የኋላ መብራቶቹ ወጥተው ፊታቸው ይጸዳና አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባላቸዋል። የጣሪያው መጋጠሚያ ከተሰነጠቀ አሮጌው ማሸጊያ ተፍቆ፣ ዝገቱ ተወግዶ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ በመኪና አካል ማሸጊያ ይሞላል። በዝገት ላይ የተቀባ ማሸጊያ ዝገቱን ሸሽጎ እንዲሰፋ ጊዜ ይሰጠዋል። ሲቀባ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራ ሲሊኮንም ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ የሚያወጣው አሲድ ያልተቀባ ላሜራን ያዝጋል።

መግቢያው ከተዘጋ በኋላ መኪናው መድረቅ አለበት። ከሞኬቱ ሥር ያለው ስፖንጅ ላይኛው ደርቆ ሳለ ለሳምንታት ውሃ ይይዛልና ወጥቶ ፀሐይ ላይ መዋል ይኖርበታል። ወንበር የሚነሳ ከሆነ በቅድሚያ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ቢጫ ሶኬት ያላቸው ገመዶች የኤርባግ ስለሆኑ የሚያውቅ ባለሙያ ቢነካቸው ይሻላል። ወለሉን በስቶ ውሃውን ማፍሰስ ግን ጥገና አይደለም፤ ለዝገት አዲስ በር መክፈት ነው።

ዋጋና ውል

ለደላላና ለገዢ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ መግቢያው የታወቀ ውሃ ርካሽ ጉድለት ነው፤ መግቢያው ያልታወቀ ውሃ ግን በዋጋ ሊተመን አይችልም። የበር ላስቲክ ወይም የመብራት ጓርኒሲዮን ብቻ የሚፈልግ መኪና በጥቂት ቅናሽ ሊገዛ ይችላል። የወንበሩ ሐዲድና ቡሎን የዛገ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ በጤዛ የሚሸፈን፣ በሩ ሲወዛወዝ የውሃ ድምፅ የሚሰማበት መኪና ግን ወለሉ ሳይገለጥ ዋጋ ሊጠራበት አይገባም። አዲስ ምንጣፍ፣ ጠንከር ያለ ሽቶና በስኮርት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ትኩስ የተቀባ ቀለም ጥያቄ ያስነሳሉ። የደህንነት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ሲሳብ የጭቃ መስመር ከታየ ደግሞ መኪናው ዝናብ ያስገባ ብቻ ሳይሆን ጎርፍ ውስጥ የገባ ሊሆን ይችላል።

ሕጉም ገዢው ዓይኑን እንዲከፍት ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ስለዚህ መኪናው ዝናብ እንደማያስገባ ሻጩ በቃል ከተናገረ ያው ቃል በሽያጭ ውሉ ላይ ቢሰፍር ይበጃል። በአምባሰል ይስማ ንጉሥ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ እስከ ጦርነት ማድረሱን ለአካባቢው ሰው መንገር አያሻም። በቃል የተባለውና በወረቀት የሰፈረው ሲለያዩ በመኪና ገበያም ጠብ አይቀርም።

ለሻጩም ቢሆን መንገዱ ይኸው ነው። መውረጃውን አጽድቶ፣ ላስቲኩን ለውጦ፣ ደረቁን ወለል ገልጦ የሚያሳይ ሰው ሽቶ ረጭቶ ከሚጠብቀው ይልቅ ለዋጋው መከራከሪያ አለው። መኪናውን የማይሸጠውም በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ ጀሪካን ውሃ ቢያፈስስበት ሳይቃጠል በቅጠል አለ ማለት ነው።