ትናንሽ ቤተ መጻሕፍትና የአካባቢ ታሪክ፦ ከዱመርሶ አንጻር

ቤተ መጻሕፍት በሌላ ቦታ ተጽፎና ታትሞ የመጣ መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት ሆኖ ለረጅም ዘመን ቢኖርም፣ ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በብዙ አገሮች ሌላ ኃላፊነት ተጨምሮለት፣ የአካባቢው ሰው የሚተርከውን፣ የሚያዜመውንና በሣጥኑ ያስቀመጠውን ሰነድና ፎቶግራፍ ተቀብሎ የሚያቆይ ተቋም እየሆነ መጥቷል። ሥራው የማኅበረሰብ መዝገብ ማደራጀት ይባላል። የመንግሥት ቤተ መዛግብት አንድ መሥሪያ ቤት የጻፈውን ደብዳቤ፣ የወሰነውን ውሳኔና የሰበሰበውን ግብር ሲይዝ፣ የማኅበረሰብ መዝገብ ግብሩን የከፈለው ገበሬ ስለዚያው ዘመን የሚያስታውሰውን ይይዛል፤ የሚደራጀውና የሚጠበቀውም ታሪኩ በሚመለከታቸው ሰዎች ፈቃድና ተሳትፎ ነው።

በጌዴኦ ዞን ይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው ዱመርሶ ይህ ሥራ ለምን እንደሚያስፈልግ በግልጽ ከሚታይባቸው የቡና አምራች ቀበሌዎች አንዷ ናት። የዱመርሶ ስም በቡና ማሸጊያ ላይ ታትሞ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል፤ ገዢውም ስለ ቡናው ጣዕም፣ ስለሚበቅልበት ከፍታና ስለ አጠባቡ ይነገረዋል። ቡናውን ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ጋር አስማምተው ያቆዩት ሰዎች ታሪክ ግን ከቡናው ጋር አይሄድም፤ ከዚህም የሚብሰው፣ በዚያው ቀበሌ ለሚያድገው ተማሪ እንኳ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ተሰናድቶ የሚቀርብለት እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. (2023 እ.ኤ.አ.) ሪያድ ላይ በተካሄደው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ለመመዝገብ ያበቁትም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትን፣ ከእንሰቱ ሥር ደግሞ ቡናን የሚያለማው የጥምር ደን እርሻ፣ በዳገቶቹ መካከል ተጠብቀው የኖሩት የአምልኮ ደኖችና በተራራው ጫፍ ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ናቸው። እነዚህን ሦስቱን እስከ ዛሬ ያቆያቸው በቃል የሚተላለፍ እውቀት ነው። ዋንዛ ወይም ብርብራ የት ቢተከል ለቡናው እንደሚበጅ፣ የትኛው ደን መጥረቢያ እንደማይገባበት፣ በባሌ (ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ በሚሸጋገርበት የጌዴኦ የትውልድ ሥርዓት) ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ በሶንጎ (ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሚመክሩበትና በሚዳኙበት ሸንጎ) ጠብ እንዴት እንደሚፈታ የሚያውቁት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ዩኔስኮ መልክዐ ምድሩን መመዝገቡ ይህን እውቀት በራሱ አያቆየውም፤ የሚያቆየው በየቀበሌው ተቀምጦ የሚሰማና የሚመዘግብ ሰው ነው።

የጊዜው ጥበት በቀላል ስሌት ይታያል። በ1952 ዓ.ም. ገደማ የጌዴኦ ገበሬዎች በመሬት ባለቤቶች ላይ ባመፁበት ወቅት የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 80 ዓመት አልፎታል። ከዚያ ዘመን በፊት ስለነበረው የገባርነት ሥርዓት የታሪክ ምሁሩ ቻርልስ ማክሌላን በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ደግሞ ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ የታተመ ጥናት አቅርበዋል። ሁለቱም ሥራዎች የሚያኮሩ ሲሆኑ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የዱመርሶ ተማሪ አያቱ በጌዴኡፋ (በጌዴኦ ቋንቋ) የሚተርኩለትን ያህል ሊቀርቡት አይችሉም።

ኢትዮጵያ ታሪክን በማሰባሰብና በማቆየት ሥራ እንግዳ አይደለችም። ወመዘክር በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዛግብት በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በ1963 እ.ኤ.አ. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሥራ ጀምሯል። ከዚያም በፊት፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎቹ ስለ ተወለዱበት አካባቢ ልማድና ሥርዓት የሚጽፉበት መጽሔት ነበረው። ተማሪን ወደ ገዛ ወላጆቹና ጎረቤቶቹ መልሶ እንዲጠይቅ ማሰማራት ዛሬም ለትናንሽ ቤተ መጻሕፍት ከሁሉ የሚቀርበው ዘዴ ስለሆነ፣ ያ ማኅበር ከተሰጠው ትኩረት የበለጠ ይገባዋል።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተካሄደው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ሌላ ትምህርት ትቷል። ማይክሮፊልም የመጽሐፍን ገጽ በእጅጉ አሳንሶ የሚይዝ የፎቶ ፊልም ነው። በዚህ ሥራ ከገዳማትና ከአብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ሲነሡ፣ ብራናው ለባለቤቱ እየተመለሰ የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የብዙዎቹን ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ሰጥተውበታል። ዋናው በባለቤቱ እጅ ይቆያል፣ ቅጂው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጣል የሚለው ይህ መርሕ ለቀበሌ ቤተ መጻሕፍትም እንዳለ ይሠራል። ቤተሰብ የሠርግ ፎቶውን ወይም የድሮ የግብር ደረሰኙን ለዘለቄታ እንዲያስረክብ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ዓይኑ እያየ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ ተነሥቶለት ዋናውን ይዞ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ እምነትን ያተርፋል።

አንድ ቆራጥ ሰው ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ ሐረር አሳይታለች። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የከተማዋን የእጅ ጽሑፎች፣ አልባሳት፣ ሳንቲሞችና የተቀዱ የሐረሪ ዜማዎች ሰብስበው በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው አቆይተዋል፤ በኋላም ስብስቡ በከተማዋ ታሪካዊ ሕንፃ ውስጥ ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ከውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት መካከል የኒው ዮርኩ የኩዊንስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአካባቢው ኮሌጅ ጋር ተባብሮ የነዋሪዎችን ትዝታና የቤተሰብ ፎቶ መዝግቧል። የሁለቱ አቅም የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም ሥራው ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ አካባቢ የሚኖሩና የሚተማመኑ ሰዎች ናቸው።

አሠራሩን በቅርበት ለማየት አንድ ቀረጻ መውሰድ ይበቃል። በዱመርሶ ያለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢጀምረው፣ የሚያስፈልገው ደህና ስልክ፣ ከልብስ ላይ የሚሰካ አነስተኛ ማይክሮፎንና ደብተር ነው። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ማንም ጊዜ የሌለው በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ለቀማው ሲያበቃና የጌዴኦ የምስጋና በዓል ደራሮ ሲቃረብ ግን ሽማግሌዎች የሚገናኙበትና ወጉ የሚደራበት ጊዜ ይሆናል። ቀረጻ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በዝናብ ሰዓት ከተካሄደ ከዝናቡ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም፤ የቡና መፈልፈያ ማሽን በሚሠራበት አቅራቢያም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቀራጩ አስቀድሞ ሄዶ ቦታውን ጸጥ ብሎ ማዳመጥ፣ ሙከራ ቀድቶም መስማት አለበት። ቀረጻው ሲጀመር ቀኑ፣ ቦታው፣ የተናጋሪውና የጠያቂው ስም፣ ቋንቋውም በድምፅ ይነገራል፤ ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ ድምፁ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ነው።

ጥያቄውም ጥበብ ይፈልጋል። «አባባ፣ ስለ ባሌ ሥርዓት ይንገሩን» ብሎ የሚጀምር ተማሪ በትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚገኝ ዓይነት አጠቃላይ መልስ ያገኛል። «አባትዎ ይህን ቡና ሲተክሉ ማን አገዛቸው? ያን ጊዜ እዚህ የነበሩት ዛፎች የትኞቹ ናቸው?» ቢል ግን የሰዎች ስም፣ የቦታ ስም፣ የዛፍ ስምና የዘመን ምልክት ተያይዘው ይመጣሉ። እናቶችን እማማ ብሎ በአክብሮት ቀርቦ ስለ እንሰት አፋፋቅ፣ ስለ ቆጮ አዘገጃጀት፣ ስለ ወሊድና ስለ ገበያ መጠየቅም ሊዘነጋ አይገባም፤ የሶንጎ ሽማግሌዎች ብቻ የተቀረጹበት መዝገብ የማኅበረሰቡን ግማሽ የተወ መዝገብ ነው። ንግግሩ ተናጋሪው በሚመቸው ቋንቋ፣ በአብዛኛው በጌዴኡፋ፣ ይቀረጻል፤ በኋላ በትምህርት ቤት በሚሠራበት የላቲን ፊደል ይገለበጣል፣ የአማርኛ አጭር መግለጫም ይጨመርበታል።

ቀረጻ ከሚጠፋባቸው መንገዶች ሁሉ የሚበዛው ማንነቱ አለመጻፉ ነው። በስልክ ውስጥ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት የተቀመጠ ድምፅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማን እንደተናገረውና የት እንደተቀዳ ማንም የማያውቀው ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀረጻ ካርድ ይዘጋጃል፤ በካርዱም ርዕሱ፣ ተናጋሪው፣ ቀራጩ፣ ቀኑ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ቦታው፣ ቋንቋው፣ የተነሡት ጉዳዮችና የተሰጠው ፈቃድ ይጻፋሉ። በዓለም ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ለዚህ የሚያገለግለው ደብሊን ኮር የተባለው መለኪያ 15 መሠረታዊ ነጥቦች ሲኖሩት፣ አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ግማሹን እንኳ በየጊዜው ሳያጓድል ቢሞላ መዝገቡ ተፈላጊ ይሆናል።

የማስቀመጡ ጉዳይ ከተለመደው ግምት ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር በሚመክረው ጥራት፣ ማለትም በሰከንድ 48,000 ናሙና በ24 ቢት፣ በአንድ መስመር የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንግግር 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ወደ 120 ሰዓት የሚጠጋ ንግግር ይችላል ማለት ነው። ዋናው ፋይል ዋቭ በተባለው ሳይጨመቅ በሚቀመጥ ዓይነት ይያዛል፤ ለመስማትና ለማካፈል ብቻ ኤምፒ ስሪ የተባለው የተጨመቀ ቅጂ ይወጣለታል። ቅጂው ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከአካባቢው ይራቅ የሚለው ደንብ በሁሉም ዘንድ የተለመደ ነው። ለዱመርሶ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በሃርድ ዲስክ በይርጋ ጨፌ፣ ሦስተኛው ዲላ ቢሆን ደንቡ ተሟላ። በ1988 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሦስተኛ ቅጂ ተፈጥሯዊ ማደሪያ ነው። አካባቢው እርጥበት ስለሚበዛበት ሃርድ ዲስኩም ሆነ ወረቀቱ ከመሬት ከፍ ባለና አየር በሚገባው ደረቅ ቦታ መቀመጥ፣ በየዓመቱም ተከፍቶ መፈተሽ አለበት።

የካሴት ጉዳይ ለብቻው ያጣድፋል። በየቤቱና በየሙዚቃ ቤቱ የቀሩ የአካባቢ ዜማና የሠርግ ካሴቶች ክራቸው እያረጀ ነው፤ ማጫወቻው ራሱ ከገበያ በመጥፋቱ ዩኔስኮና የድምፅ መዛግብት ማኅበሩ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ሲያሰሙ ቆይተዋል። አንድ ጤነኛ የካሴት ማጫወቻ ያለው ቤተ መጻሕፍት ዛሬውኑ መገልበጥ ቢጀምር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ፈቃድ ነው። ተናጋሪው ንግግሩ ለምን እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚሰማውና ሐሳቡን ቢለውጥ እንዴት እንደሚወጣለት በቋንቋው ሊነገረው ይገባል፤ መፈረም ለማይችል ሰው ፈቃዱ በድምፅ ይያዛል። ከአምልኮ ደኖች ጋር የተያያዘ ንግግር ለሁሉ ጆሮ ላይሆን ይችላል። በአውስትራሊያ የዋሩሙንጉ ማኅበረሰብ ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ሙኩርቱ የተባለ መዝገብ ይህንኑ ችግር መልክ አስይዞታል፤ እያንዳንዱን ቀረጻ ማን ማየትና መስማት እንደሚችል የሚወስነው ማኅበረሰቡ ሲሆን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙም ለማንም በነጻ የሚሰጥ ሆኗል። በ2010 ዓ.ም. በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ ስለዚያ ጊዜ የሚነገር ቃል ሐዘን ያለበት፣ ሰዎችንም በስም የሚያነሣ በመሆኑ ተናጋሪው የፈቀደው ዓመት እስኪደርስ ተዘግቶ ሊቀመጥ ይገባል። መዝገቡ ቂም መቀስቀሻ ከሆነ ሕዝቡ ፊቱን ያዞርበታል፤ ያኔ ሌላውም ታሪክ አብሮ ይቀራል።

በየቀበሌው ያሉ ርዕሳነ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና የዲላ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይህን ሥራ ለመጀመር የሚጠብቁት ልዩ በጀት ሊኖር አይገባም። በቀበሌያቸው በዕድሜ የገፉትን ሰዎች ዝርዝር አውጥተው፣ በመጪው ጥር ለቀማው ሲያበቃ ከአንዱ ቤት በስልክና በደብተር ይጀምሩ፤ የመጀመሪያውንም ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብ ያስረክቡ።