ዓሣ ያቆሸሸውን ውኃ ዋቅላሚ ያጠራዋል
በቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል የዋቅላሚ ማጣሪያ

በመስተዋት ገንዳ ዓሣ ማርባት በአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ውኃው ይደፈርሳል፤ መስተዋቱ አረንጓዴ ሽፋን ይለብሳል፤ ዓሦቹም ወደ ውኃው ገጽ እየወጡ አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። የተለመደው መድኃኒት ውኃውን መቀየር ነው። ኮልፌ ቀራኒዮን በመሳሰሉ፣ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ግን ለመጠጥና ለማብሰያ የተቀዳን ውኃ ለዓሣ ማዋል ቀላል ውሳኔ አይደለም። ዓሦቹን ሳንገድል፣ ውኃውንም ሳናባክን ገንዳውን ለማጥራት የሚያስችለን መልስ የሚገኘው መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ እየፋቅን በምንጥለው አረንጓዴ ነገር ውስጥ ነው።

ውኃው ለምን ይመረዛል?

ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ሲያፈርስ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወግዳል። አሞኒያን አንድ ወገን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌላ ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያና ናይትራይት በጥቂቱም ቢሆን ዓሣን ይገድላሉ። ናይትሬት መርዛማነቱ አነስተኛ ቢሆንም የሚያስወግደው ከሌለ ይከማቻል።

ክምችቱን በስሌት እንመልከት። 60 ሊትር ውኃ በያዘ ገንዳ ላሉ ዓሦች በየቀኑ 1 ግራም ደረቅ መኖ ይሰጣል እንበል። መኖው 40 በመቶ ፕሮቲን ከሆነ፣ የፕሮቲን 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በውስጡ 64 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን አለ። ሩቡን ዓሦቹ ለሰውነታቸው ግንባታ ቢያስቀሩት 48 ሚሊ ግራም ውኃው ውስጥ ይቀራል። ይህ ሁሉ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ በየቀኑ በሊትር 3.5 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት 25 ሚሊ ግራም ያህል ይጨምራል። በወር ውስጥ ከ100 ያልፋል። ከ50 እንዳያልፍ ለማድረግ በየሳምንቱ የገንዳውን ግማሽ፣ ማለትም አንድ ተኩል ጀሪካን ውኃ መቀየር ያስፈልጋል።

ጠላት የመሰለው ወዳጅ

ዋቅላሚ ወይም አልጌ በብርሃን አስተፃምሮ ምግቡን የሚያዘጋጅ ሕያው ነገር ነው። ለዕድገቱ የሚፈልጋቸው አሞኒያ፣ ናይትሬትና ፎስፌት ደግሞ ከገንዳው ማስወገድ የምንሻቸው ናቸው። እንግዲያው ዋቅላሚውን መዋጋት ትተን፣ እኛ በመረጥንለት ቦታ እንዲያድግ ብናደርግና በየጊዜው ብናጭደው ቆሻሻውን ይዞልን ይወጣል።

ይህን ሐሳብ ወደ መሣሪያነት የለወጡት በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ዋልተር ኤዲ ናቸው። በኮራል ሪፎች ላይ የሚበቅለው አጭር የዋቅላሚ ምንጣፍ ውኃን እንዴት እንደሚያጠራ ካጠኑ በኋላ፣ ለፈጠራቸው እ.ኤ.አ. በ1982 የባለቤትነት መብት አገኙ። መሣሪያው ኋላ ከእርሻና ከከተማ የሚወጣን ፍሳሽ ለማጣራትም ተሞክሯል።

አሠራሩ

ለማጣሪያው የሚያስፈልጉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ ሸካራ የፕላስቲክ መረብ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ የፒቪሲ ቧንቧ፣ አነስተኛ የውኃ ፓምፕና ሁለት የኤልኢዲ አምፖሎች። ከፓምፑ በቀር ብዙው በመርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል።

1. ልኩን መወሰን። በጥሩ ብርሃን ሥር አንድ ካሬ ሜትር የዋቅላሚ ምንጣፍ በቀን ከ10 እስከ 20 ግራም ደረቅ ክብደት ሊያድግ ይችላል። ከደረቅ ክብደቱ 5 በመቶው ናይትሮጅን ነው ብንል፣ ከላይ ያየነውን 48 ሚሊ ግራም ለመውሰድ በቀን 1 ግራም ያህል ዕድገት ይበቃል። ለዚህም በሁለቱም ገጹ ብርሃን የሚያገኝ፣ 16 ሴንቲ ሜትር ወርድና 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው መረብ ተስማሚ ነው።

2. መረቡን ማሻከር። ዋቅላሚ ለስላሳ ነገር ላይ በቀላሉ አይጣበቅም። መረቡን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በመጋዝ ጥርስ በሁለቱም በኩል መፋቅ ያሻል።

3. ቧንቧውን መሰንጠቅ። ቧንቧው ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣለታል። የመረቡ ጫፍ በስንጥቁ ይገባል፤ የቧንቧው አንዱ ጫፍ ይደፈናል፤ ሌላው ከፓምፑ ጋር ይያያዛል።

4. ውኃውን ማፍሰስ። ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ወርድ በሰዓት 50 ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋል፤ ለእኛው መረብ በሰዓት 800 ሊትር ማለት ነው። ውኃው መረቡን በስስ ሽፋን አልብሶ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

5. ማብራት። አምፖሎቹ በመረቡ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይበራሉ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡናማ ልጋግ፣ ከሦስትና ከአራት ሳምንታት በኋላ አረንጓዴ ፀጉር መሰል ምንጣፍ ይታያል። ያን ጊዜ መረቡን በየሳምንቱ አውጥቶ፣ ሥሩ እንዲቀር ለስለስ አድርጎ መፋቅ ነው። የታጨደው ለአበባ ማሰሮ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

ጥንቃቄ

ኤሌክትሪክና ውኃ አብረው ስለሚሠሩ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተቆልምሞ መመለስ አለበት፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ይንጠባጠባል። መብራት ሲጠፋ መረቡ እንዳይደርቅ ገንዳው ውስጥ ይነከር። ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ግን ዋናው አደጋ የኦክስጅን እጥረት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ወለል በሊትር 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ዓሦቹን አለማብዛትና፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። ማጣሪያው የባክቴሪያዎቹን ሥራ ይደግፋል እንጂ አይተካም፤ ጠጠሩንና ስፖንጁን ማስወገድ አይገባም።

ከገንዳው እስከ ትንሿ አቃቂ

በገንዳው ውስጥ የሚሆነው ከደጃችንም ይሆናል። ትንሿ አቃቂ የከተማዋን ምዕራብ አቋርጣ ስትወርድ የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክማ አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ትደርሳለች። እዚያም ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ እምቦጭን ያፋፋዋል። እምቦጩም እንደ ዋቅላሚው ንጥረ ነገሮቹን ከውኃ ይወስዳል። ሆኖም ካልታጨደ ሲሞት በስብሶ የወሰደውን ሁሉ መልሶ ለውኃው ያስረክባል፤ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ከእንዲህ ያለ ወንዝ የታጨደ ተክል ከባድ ብረቶችን ሊይዝ ስለሚችል ለከብት መኖ አይሆንም።

ስለዚህ ውኃን የሚያጠራው የዋቅላሚው ማደግ ብቻ ሳይሆን ታጭዶ መውጣቱ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህን በትምህርት ቤታችሁ የሳይንስ ክበብ ፈትኑት፤ ሁለት እኩል ገንዳዎችን አዘጋጅታችሁ የአንደኛውን መረብ በየሳምንቱ እጨዱ፣ የሁለተኛውን ተዉት። የታጨደውን አድርቃችሁ መዝኑ፤ የሁለቱንም ውኃ ናይትሬት ለክታችሁ መዝግቡ። ከሁለት ወር በኋላ የሁለቱ መዝገቦች ልዩነት ስለ ወንዞቻችንም የሚነግራችሁ ነገር ይኖረዋል።